የሳብሪያ ሦስት ጣት

ቀኑ ኅዳር ሃያ አንድ፣ 1974 ዓ.ም. ነበር። ነበር ወይ? ኅዳር ጽዮን ከሆነ ቢቸና ላይ ያን ያህል ሰው ጨው ሊገዛ አይወጣም፤ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹ ድግስ ቤት ነው የሚሆነው። እንግዲያው ማግስቱ ይሆናል። ዓመቱንም ቢሆን አላምነውም። የባለሱቋ ልጅ ሙኒያ ዘጠነኛ ክፍል እንደነበረች አስታውሳለሁ፤ ስምንተኛን ደግሞ ያለፍነው አብረን በ1974 ሰኔ ነው፤ ስለዚህ 1975 መሆን አለበት። ከዚህ በላይ አልምልም። የማልጠራጠረው አንድ ነገር፣ በዚያ ዕለት እትዬ ሳብሪያ ከባንኮኒያቸው ኋላ ሥራ ፈትተው ተቀምጠው፣ እኛ ተማሪዎቹ ጨዋቸውን በእፍኝ በእፍኝ ስንበትነው እያዩ፣ ዕንባቸው እስኪፈስ መሳቃቸውን ነው።

እትዬ ሳብሪያ የሞጣ ልጅ ናቸው። አባታቸውም አያታቸውም ሞጣ ላይ ጨውና በርበሬ ሲያመላልሱ የኖሩ ነጋዴዎች ነበሩ። ቢቸና ላይ ልብስ ይሰፋ ለነበረው ለአብዱልዋሂድ ተድረው ሲመጡ፣ "ከአባቷ ቤት ያመጣችው አንድ ሚዛንና አንድ ምላስ ነው፤ ሚዛኑ ዝጓል፣ ምላሱ ግን እስከ ዛሬ ይሠራል" ይባልላቸው ነበር። አብዱልዋሂድ ሙኒያ ገና በእግሯ ሳትሄድ ሞተ። ባልቴቲቱ የባላቸውን የስፌት መኪና በጨርቅ ሸፍነው ጥግ አስያዙና፣ በዚያው ቤት ሱቅ ከፈቱ።

ሱቁ ወደ ገበያው በሚወርደው መንገድ ላይ ነበር። በሩ አጠገብ አፉን የከፈተ የጨው ጆንያ ይቆማል፤ ከኋላው ሳሙና፣ ክብሪት፣ ቅመማ ቅመም። የክርስቲያኑን ጾም ከክርስቲያኑ ልጅ ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው ነበሩ። አንድ ቀን ክብሪት ልገዛ ብሄድ፣ "አንተ፣ ሰኞ ነነዌ ይገባል፤ እናትህ ኑግ አልገዛችም። ሂድና ንገራት፣ ኋላ ‘ሳብሪያ አስፈሰከችኝ’ እንዳትለኝ" ብለው አባረሩኝ። እናቴ ኑጉን ገዛች።

ከሁሉ የታወቁት ግን በምራቂያቸው ነበር። እኛ አገር ሸቀጥ ተሰፍሮ ብቻ አያልቅም። ሻጩ ሰፍሮ ሲጨርስ ገዢው ዕቃውን አያነሣም፤ "መርቁልኝ እንጂ" ብሎ ይጠብቃል። ሻጩም ከላይ ጣል ያደርጋል። ያ ነው ምራቂ። ያልተመረቀ ዕቃ በረከት የለውም፤ ሰውም ወዳልመረቀለት ሱቅ አይመለስም። ገበሬው እህሉን ሲሸጥ በእፍኝ ይመርቃል። እትዬ ሳብሪያ በሦስት ጣት ነበር የሚመርቁት፤ ሦስቱን ጣታቸውን ጫፍ ለጫፍ አጋጥመው፣ ከጆንያው ቆንጠር አድርገው፣ ብርጭቆው ላይ ነስነስ።

"የሳብሪያን ምራቂ ለማየት መነጽር ያስፈልጋል" ይላል ከተማው።

"መነጽሩንም እኔ እሸጥለታለሁ፣ ይምጣ ብቻ" ይላሉ እሳቸው።

በዚያ ዓመት ግን መነጽር የሚያስፈልጋቸው ራሳቸው ሆኑ። ዓይናቸውን ሞራ ይጋርደው ጀመር። አንድ ከሰዓት ላምባ ልገዛ ተልኬ በር ላይ ስደርስ፣ ከልጃቸው ጋር ሲነጋገሩ ሰማሁ።

"ሙኒያ፣ ይችን ብር እይልኝ። አምስት ናት አሥር?"

"አምስት ናት።"

"አሥር ናት ብሎ መልስ ተቀብሎኝ ሄደ እኮ ሰውየው!"

"እማዬ፣ እንግዲህ ዝጊው በቃ። ምን ያደርግልሻል? ሰው ይስቅብናል።"

"ከዚህ ሱቅ የሚወጣውን እንጀራ ስትበዪውስ ይስቅብሻል እንዴ?"

ዘመኑ ነጋዴ የማይወደድበት ነበር። በቀበሌው ግድግዳ ላይ ሆዱ የተነፋ ነጋዴ ገበሬው ጀርባ ላይ ተቀምጦ ተሥሎ ነበር፤ ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ በየቀኑ በሥሩ እናልፋለን። ሙኒያ ያንን ሥዕል ስናልፍ ጫማዋን ታይ ነበር። "እናትሽ ምን ትሠራለች?" ሲሏት፣ "ቤት ናት" ትላለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስም በዋናው በር አትገባም፤ በጓሮ ዞራ ነው።

እትዬ ሳብሪያ ይህን ያውቁ ነበር። መምህር ኃይለ ሚካኤል የኅብረት ሥራ ክበባችን ኃላፊ ነበር፤ በዚያ ሰሞን ነጋዴዎቹን ሁሉ እየዞረ፣ ተማሪዎች ገንዘብ አያያዝን በሥራ እንዲማሩ የሚሸጡት ነገርና የሚሸጡበት ጥግ እንዲሰጧቸው ይለምን ነበር። ሁሉም "በደስታ!" አሉት፤ አንዱም አልሰጠውም። እትዬ ሳብሪያ ዘንድ ሲደርስ ተስፋ ቆርጦ ነበር።

"ስማኝ መምህር" አሉት። "ዓይኔ እየሄደ ነው። እስከ ሰኔ እጠብቃታለሁ፤ ይህን ሱቅ ልጄ እሺ ብላ ካልያዘችው ቁልፉን ለቀበሌ አስረክቤ ሞጣ ታናሽ ወንድሜ ይማም ዘንድ እገባለሁ። የአብዱልዋሂድ በር ሲዘጋ ከማይ ዓይኔ ቀድሞ ቢጠፋ ይሻለኛል። አንተ ጥግ ፈልገሃል፤ የስፌት መኪናውን አንሥቼ ጥጉን እሰጥሃለሁ። አንድ ሙሉ ጆንያ ጨውም እሰጥሃለሁ።"

መምህሩ ደነገጠ። "በምን እንመልስልዎታለን?"

"በጆንያ። ሽጠው ሲጨርሱ በሸጡበት ሌላ ጆንያ ገዝተው እዚያው ያቁሙልኝ። በመካከሉ እኔ አፌን አልከፍትም። እንደ ፈለጉ ይሽጡ። ሙኒያ ክበቡ ውስጥ አለች አይደል?"

"አለች።"

"በቃ።"

መምህር ኃይለ ሚካኤል ይህን የነገረኝ ቆይቶ ነው። እኛ ያኔ የሰማነው ጨው መገኘቱን ብቻ ነበር፤ ወዲያው ስብሰባ ተጠራ።

የክበቡ ሊቀ መንበር አካለ ወልድ ይባላል። ከቅኔ ቤት ወጥቶ ወደ አስኳላ የገባ፣ በዕድሜ የሚበልጠን፣ ንግግር የሚችል ልጅ ነበር። የገበሬ ልጅ ስለሆነ መዳፉን ዕርፍ አስፍቶታል። ተነሥቶ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ጓዶች! ትርፍ ምንድን ነው?"

መልስ ሳይጠብቅ ቀጠለ።

"ትርፍ የሰፊው ሕዝብ ላብ ነው! ስለዚህ ጨዉን በተገዛበት ዋጋ እንሸጣለን።"

ሁላችንም እጃችንን አወጣን።

"ሁለተኛ! ነጋዴ በሦስት ጣት ከመረቀ፣ ኅብረት በእፍኝ ይመርቃል!"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ሙኒያ ከፊቴ ተቀምጣ ነበር፤ ከሁሉ ከፍ ብሎ የታየው የእሷ እጅ ነው። ወዲያው ገንዘብ ያዥ ሲመረጥ አንዱ ከኋላ፣ "ሙኒያ ትሁን! የነጋዴ ልጅ ናት፣ ታውቅበታለች" አለ። ዞር ብላ፣ "እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ" አለችው። ቢሆንም መረጥናት።

እንግዲህ ያ ቀን፣ ጽዮን ይሁን ማግስቱ፣ የመጀመሪያው የሽያጭ ቀናችን ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሻጭ፤ በዋናው በር እትዬ ሳብሪያ፣ በጎኑ በር እኛ። ወሬው ገበያውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀም። ሰልፉ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ደረሰ። እኔ በብርጭቆ እሰፍራለሁ፣ አካለ ወልድ ይመርቃል፣ ሙኒያ ገንዘብ ትቀበላለች። አካለ ወልድ እጁን ጆንያው ውስጥ ሲሰድ የሰዉ ፊት ይበራል።

"ተባረክ! እጅህን አይንሣን!"

ጎረቤታችን ጠላ ሻጯ እትዬ ይርጋነሽ መጀመሪያ ነጭ ነጠላ ለብሰው መጡ። ቆየት ብለው ሰማያዊ ሻሽ አስረው መጡ። ለሦስተኛ ጊዜ የሰው ሕፃን አዝለው ብቅ ሲሉ አላስቻለኝም።

"እትዬ ይርጋነሽ፣ ቅድም አልገዙም እንዴ?"

"ቅድም ለወጥ ነው። ይሄ ለበሬዬ ነው።"

"በሬ አለዎት?"

"ጨዉ ካለ በሬ አይጠፋም። አንተ ስፈር!"

ከዚያ በጎኑ በር አንገታቸውን አስግገው ወደ ውስጥ ጮኹ። "ሳብሪያ! ዛሬስ ልጅሽ ገበያሽን ነጠቀችሽ!"

"ትንጠቀኝ" አሉ እትዬ ሳብሪያ፣ ባዶ ባንኮኒያቸው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው። "በእኔ እንዳልወጣች አየሽ? ንፉግ አይደለችም።"

ያን ጊዜ ነው መሳቅ የጀመሩት። የነጠላቸው ጫፍ እስኪርስ ሳቁ። እኛም ደስታ መስሎን አብረን ሳቅን። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጆንያው ተገልብጦ ተራገፈ፤ አካለ ወልድም ባዶው ጆንያ ላይ ቆሞ ስለ ኅብረት አጭር ንግግር አደረገ።

በሳምንቱ ገንዘባችንን ይዘን ጅምላ ሻጩ ዘንድ ሄድን። ሰውየው ቆጠረው፤ እንደገና ቆጠረው።

"ይሄ እኮ የጆንያው ሁለት እጅ ነው" አለ። "ሦስተኛው እጅ የታለ?"

እርስ በርሳችን ተያየን። አካለ ወልድ ግንባሩን ቋጠረ።

"በተገዛበት ዋጋ ሸጠናል" አለ። "በተገዛበት የሸጠ አያተርፍም፤ አይከስርምም። ካልከሰርን ደግሞ ገንዘቡ አለ። ካለ፣ ያለው ሰው ዘንድ ነው።"

ይህን ሲል ማንንም አላየም፤ እኛ ግን ሙኒያን አየናት። አንዱም፣ "ከደም ይወረሳል" ብሎ አጉረመረመ። ሙኒያ የያዘችውን ሁሉ ጅምላ ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ትታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ የሆነውን ራሷ ነች የነገረችኝ።

"እማዬ፣ ሌባ አሉኝ።"

"ነሽ?"

"አይደለሁም!"

"ታዲያ ጨዉ የት ሄደ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! አንቺ ታውቂያለሽ። ታውቂ የለም?"

"አፌን አልከፍትም ብዬ ለመምህርሽ ቃል ሰጥቻለሁ" አሉ እትዬ ሳብሪያ። "ራትሽን ብዪ።"

ሙኒያ ራቱን አልበላችም። ሲያለቅሱ መዋል ለዓይን ጥሩ አይደለም ቢሏት፣ እንዲያውም ባሰባት። በዚህ መካከል አንዲት ሴት ጨው ፈልጋ መጣች። ሊጨልም ስለነበር እናትየው ብርጭቆውን መለየት አቃታቸውና፣ "ነይ ስፈሪላት" አሏት። ሙኒያ ዕንባዋን በክንዷ ጠርጋ ሰፈረች። "መርቂልኝ" አለች ሴትዮዋ። ሙኒያ እንደ ገበያው ቀን እፍኟን ልትሞላ እጇን ስትሰድ፣ የእናቷ እጅ ቀድሞ ደረሰ። ሦስቱ ጣት ቆንጠር፣ ነስነስ። ሴትዮዋም "ይባርክልሽ" ብላ ደስ ብሏት ሄደች።

"ያንን እጅ ዕድሜ ልኬን ሳየው ኖሬያለሁ" አለችኝ ሙኒያ፤ "ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።"

በማግስቱ ከደብተሯ ጋር ባዶ ብርጭቆና በጨርቅ የታሰረ ጨው ይዛ መጣች። ክበቡ እንዲሰበሰብ ጠየቀችና ብርጭቆውን መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

"አካለ ወልድ፣ ና" አለችው። "መርቅ።"

"ምን ላይ ልመርቅ? ባዶ ነው እኮ።"

"እንደ ገበያው ቀን መርቅ።"

ያንን የሚያህል መዳፉን ጨዉ ውስጥ ሰዶ ዘገነና ጨመረ። ብርጭቆው እኩሌታው ሞላ።

"ድገም።"

ደገመ። ብርጭቆው ሞልቶ፣ ትርፉ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ነገር በዓይን ይገባል፤ ሳቁ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ እስከ ፊት መጣ። ሁለት ሰው ሲገዛ አንድ ሙሉ ብርጭቆ በነፃ ስንሰጥ ውለናል! የእትዬ ይርጋነሽን በሬ ያሰበ ደግሞ የባሰ ሳቀ።

አካለ ወልድ መዳፉን ዘርግቶ አየው። "ጓዶች" አለ፣ "ሌባው ተይዟል። አምስት ጣት አለው።" ከዚያ ወደ ሙኒያ ዞሮ፣ የቅኔ ቤት ልጅ መምህሩን ይቅርታ ሲጠይቅ እንደሚያደርገው ጎንበስ አለላት። "አጥፍቻለሁ እታለም።"

ሙኒያ የፈሰሰውን ጨው እየሰበሰበች፣ "እናቴ ነጋዴ ናት" አለች። ይህን ከአፏ ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር። "በሦስት ጣት የምትመርቀው ንፉግ ሆና አይደለም። ነገ የሚመጣውም ሰው ጨው እንዲያገኝ ነው።"

በዚያው ሁላችንም ተንጋግተን ወደ ሱቁ ሄድን። ሙኒያ በዋናው በር ገባች፤ እኛ ተከተልናት።

"መምህር፣ አሁንስ ልናገር?" አሉ እትዬ ሳብሪያ።

"ይናገሩ እንጂ እትዬ።"

"እሰይ! ወላሂ ጉሮሮዬ ሊዘጋ ነበር።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርታችን በዚያ ጥግ ሆነ። እትዬ ሳብሪያ ሦስት የዱቄት ወተት ጣሳ አሰለፉልን። ከእያንዳንዱ ሽያጭ ወደ መጀመሪያው የሚገባው ለሚቀጥለው ጆንያ መግዣ ነው፤ ወደ ሁለተኛው የአህያ ኪራይና የሻጮቹ ድርሻ፤ ሦስተኛው የክፉ ቀን። "ከመጀመሪያው ጣሳ ማንም አይበደርም" አሉን። "እናቱ ብትታመም እንኳ የሚከፈተው ሦስተኛው ነው። ምራቂውም ከሁለተኛው ይወጣል እንጂ ከመጀመሪያው አይወጣም። ምራቂን አትተዉ፣ ሰው በረከት ይወዳል። ግን የራሳችሁን መርቁ፤ የጆንያውን አትመርቁ።"

"እንግዲያው የመጀመሪያው ጣሳ ታቦት ነው፤ ማንም እጁን አይሰድበትም" አለ አካለ ወልድ።

መምህር ኃይለ ሚካኤል ሊቆጣው ሲል እትዬ ሳብሪያ ቀደሙ። "ታቦት ካላችሁትማ እኔም አልነካውም። ይበልጥ ተጠበቀ ማለት ነው።"

ዓመታት አልፈው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መምህሩ "ካፒታል" ብሎ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ፣ እኔ የታየኝ ያ ጣሳ ነበር፤ ከንፈሩ ትንሽ ዝጎ፣ ላዩ ላይ የተሣለችው ላም ግማሽ ተፍቃ።

የጎደለውን ሦስተኛ እጅ ግን አልማሩንም። "ከማርኋችሁ ረሳችሁት" አሉ። ስለዚህ ሁለተኛ ድምፅ መስጠት ግድ ሆነ። አካለ ወልድ ትርፍ የሚለውን ቃል ከአፉ ማውጣት አፍሮ፣ "በእያንዳንዱ ብርጭቆ ላይ ለጆንያው ዕድሜ መቀጠያ ትንሽ ይጨመር" የሚል ሐሳብ አቀረበ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። የቀበሌው ካድሬ መጥቶ ይህ ጭማሪ ምንድን ነው ሲል፣ መምህራችን "የኅብረቱ መጠባበቂያ ነው ጓድ" አለው፤ ካድሬውም በአንክሮ ራሱን ነቀነቀ፤ ሲወጣ ጨው ገዛ፤ እንዲመረቅለትም ጠየቀ። ለጥምቀት ሙሉው ጆንያ በቦታው ቆመ። እንዲያውም መጀመሪያ "በደስታ!" ብሎ መምህሩን የሸኘው ላምባ ሻጩ አቶ ፋንታ አንድ ቀን በራችን ላይ ቆሞ፣ "ለኔ ተማሪ አይደርሰኝም እንዴ?" አለ። አራት ልጅ ላክንለት። ለዳቦ ቤቱም ላክን።

ሙኒያ በጓሮ መግባቷን ተወች። የጧት ፈረቃ ተማሪ ስለነበረች ከሰዓት ባንኮኒው ኋላ ትቆም ጀመር። ብሩን እሷ ታያለች፣ ነገሩን እናቷ ያያሉ። አንድ ልዩነት ነበራቸው፤ ሙኒያ በአራት ጣት ትመርቃለች።

"ይቺ አንዷ ጣት ልታደኸየን ነው" ይላሉ እናትየው።

"እማዬ፣ ዘንድሮ ገዢው ጨምሯል፤ አታይም?"

"ዓይን ሳይኖረኝ በምን ልይ? እስቲ በጆሮዬ ልስማ፤ ይንጫጩልኝ።"

ሰኔ ሲገባ ሙኒያ፣ "ቁልፉን ለቀበሌ አትስጪ፤ ለኔ ስጪኝ" አለቻቸው። ሰፈሩ አጉረመረመ፤ ልጅ ናት፣ ብቻዋን እንዴት ትሆናለች ተባለ። "እኔ በሷ ዕድሜ ሞጣ ላይ ብቻዬን በርበሬ እሸጥ ነበር" አሉ እትዬ ሳብሪያ። "ደግሞስ ይርጋነሽ ግድግዳው ሥር አለች፤ ከይርጋነሽ የሚያመልጥ ሌባ ቢቸና ላይ አልተወለደም።" የሳቸውንም ዓይን የገበያው አቧራና ፀሐይ አልስማማው ብሎ ነበርና፣ አሁን በሩ እንደማይዘጋ ስላወቁ፣ ወደ ወንድማቸው ሊሄዱ ቆረጡ።

የሄዱ ዕለት ከደጀን የሚመጣው አውቶቡስ ዘግይቶ ደረሰ። ወንድማቸው ይማም ሊወስዳቸው ከሞጣ መጥቶ ነበር፤ ረጅም፣ ሳቂታ ሰው። ሙኒያ እናቷን አቅፋ አስገብታ፣ ደንበኛ እየጠበቃት ስለሆነ እየሮጠች ተመለሰች። እናትየው በዚህ ቅር ሊላቸው ሲገባ፣ "ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሰው አታስቁሚ!" እያሉ በደስታ ይጮኹ ነበር። እኔ ከይማም ጋር ሆኜ ሣጥኑን ወደ ጣራው አቀበልሁ።

"አንተም ከከሰሩት ነህ?" አለኝ፣ እጁን እያራገፈ።

"ከምኖቹ?"

"እህቴ ካከሰረቻቸው። እኔ ባንተ ዕድሜ ሳለሁ ሞጣ ላይ አንድ ጆንያ በርበሬ ሰጥታኝ፣ ‘እንደ ፈለግህ ሽጥ፣ አፌን አልከፍትም’ አለች። ጥግ ይዛ ስትስቅ ዋለች። ማታ ባዶ ጆንያ ታቅፌ አለቀስሁ። እሷ እንደሁ ካልከሰረ ልጅ ጋር ስለ ንግድ አታወራም!"

እሱ እየሳቀ ገባ። እኔ ባለሁበት ቀረሁ። ያ ጨው፣ ያ ዝምታ፣ የሙኒያ ዕንባ፤ ሁሉን አስበውበት ነበር? ልጃቸውን ሌባ እንደምንላትስ ገምተው ነበር? ሙኒያ እምቢ ብላ ሱቁ ቢዘጋባቸው ኖሮስ? አውቶቡሱን ዞሬ በተቀመጡበት በኩል ሮጥሁና መስኮቱን መታሁት።

"እትዬ ሳብሪያ! አንድ ነገር ልጠይቅዎት!"

ድምፁ ከየት እንደመጣ ለመለየት ፊታቸውን አዞሩ።

"ማነህ ልጄ? ጠጋ በል፣ አልሰማሁህም!"

ጠጋ አልሁ። ሾፌሩ ግን ማርሹን አስገብቶ ነበር፤ አውቶቡሱ አቧራውን አንሥቶ ወደ ሞጣ አቀና።